ኪራይ አልቀበልም ያሉ አከራይ

አከራይ «ከእንግዲህ ኪራይ አልቀበልሽም» ሲል የሚደነግጥ ሰው አለ ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። የደነገጥኩት እኔው ሆንኩ። መካነ ሰላም በተከራየኋት አንዲት ክፍል ደጃፍ ላይ ገንዘቡን ዘርግቼ እንደቆምኩ፣ አከራዬ ሽማግሌው ሼህ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሰብስበው «ያዢው ልጄ፣ ለልጅሽ አንዳንድ ነገር ግዢበት። አልቀበልም ብያለሁ አልቀበልም» አሉኝ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «አብሽሪ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ገንዘቡን እንደጨበጥኩ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና፣ ባሌ ሞቷል ማለት ነው አልኩ።

ከኪራይ ተነስቼ ሞት ላይ እንዴት እንደደረስኩ ላስረዳ።

ባሌ ወታደር ነው። ካምፑ አጠገብ ባለች ሞቃት ከተማ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ድንገት ግዳጅ ታዘዘና ሄደ። ወዴት እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም እንደማይነግረኝ ስለማውቅ አልጠየቅኩትም። ሲሄድ «እዚህ ብቻሽን ከምትሆኚ ወደ አገርሽ ግቢ» አለኝ። የእኔ አገር ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እዚያ የቀረኝ የወንድሜ ቤት ብቻ ነው፤ የወንድሜ ሚስት ደግሞ፣ ይቅር ትበለኝና፣ ከሳምንት በላይ የምትቻል ሴት አይደለችም። ለልጄም ትምህርት ቤት ይቀርባታል ብዬ ከተማው ላይ ክፍል ተከራየሁ።

የባሌ ደመወዝ የሚገባው በራሱ ሒሳብ ነው። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲደርስ ይደውላል፣ ብርም ይልካል፤ ከሌለ ግን ወር አልፎ ወር ሲተካ ድምፁን አንሰማም። ወደ እኔ ሒሳብ በቀጥታ እንዲገባ አድርጎ የሄደው የቤት ኪራይ አበሉን ብቻ ነበር። «እኔ ብጠፋ እንኳ እናንተ ደጅ አትወድቁም» አለኝ። ብጠፋ የምትለዋን ቃል ስሰማ ያን ቀን ያልተናገርኩት ነገር የለም። የወታደር ቤተሰብ ከቦታ ቦታ ሲዛወር አበሉ እንዳይቆም ከአዲሱ ቀበሌ ማረጋገጫ አጽፎ ከኪራይ ውሉ ጋር ማቅረብ ግድ ነው፤ እኔም ልጄን ይዤ ስንከራተት ከርሜ አቀረብኩ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ መጨረሻ የባንክ መልእክት ስልኬ ላይ ይገባል። ገንዘቡ ይህን ያህል የሚያኩራራ አይደለም። እኔ ግን ለመልእክቱ ነበር የምጓጓው። አበል የሚወጣው ስሙ ላልተሰረዘ ሰው ነው፤ ስሙ ካለ ባሌም አለ ማለት ነው፤ እንዲህ ብዬ ነበር የማስበው።

ይህን ከሜዳ ተነስቼ አላመጣሁትም። ካምፑ አጠገብ ሳለን ግድግዳ የምትጋራን አንዲት የወታደር ሚስት ነበረች። የእሷ አበል አንድ ወር ሳይገባ ቀረ። ስታለቅስ «ሲስተም ይሆናል፣ ምን ያስለቅስሻል?» ብዬ የተቆጣኋት እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች በሯን አንኳኩ። እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ መርዶ ሲመጣ ጎረቤቱም ዘመዱም ዕድርተኛውም ቀድሞ ያውቃል፤ የማታውቀው ባለጉዳይዋ ብቻ ናት። እስኪነገራት ድረስ ሰው ሁሉ ደግ ይሆንላታል። ለለቅሶው ጉልበት እንዲኖራት እህል ቅመሺ ይላታል፣ ሥራዋን ይሠራላታል፣ ዐይኗን ሽሽት መሬት መሬት ያያል። ያቺ ጎረቤቴ ከቀናት በኋላ «ሰው ሁሉ እንደዚያ ሲያዝንልኝ መንቃት ነበረብኝ» አለችኝ።

ታዲያ ሼሁ ኪራይ አልቀበልም ሲሉ ምን ልበል? ክፍሏን ስከራይ ጠንቀቅ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ቆጥረው ተቀብለው ነው የመረቁኝ። ባሌ ወታደር መሆኑን አልነገርኳቸውም። «ለሥራ ርቆ ነው» አልኩ፤ ሥራው ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ጊዜው ሰው የሰውን ሥራ የማይጠይቅበት ጊዜ ነው። የደሴው መንገድ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ስልኩም እንደዚያው፤ ሰዉ አፉን ይዞ ይኖራል። እንግዲህ ያልነገርኳቸውን ነገር ከሌላ ሰው ሰምተው ካልሆነ በቀር ከመሬት ተነስተው ሊያዝኑልኝ አይችሉም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማየው ሁሉ አላምር አለኝ። በማግስቱ የሼሁ ባለቤት ትኩስ ወተት ይዘው መጡ። «ጠጪ የእኔ ልጅ፣ ከስተሻል» አሉኝ። ከስተሻል! እኔን! ወንድሜ እንኳ «አንቺ ደግሞ ኑሮ ተስማምቶሻል» ብሎ የሚያበሽቀኝን። ሊወጡ ሲሉ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ» አሉኝ። አይዞሽ የታመመ ይባላል፣ የወደቀ ይባላል፤ ደህና ቆሞ ወተት የሚጠጣ ሰው ለምን ይባላል?

ሼሁ ግቢያቸው ውስጥ ለሰፈሩ ልጆች ቁርአን ያስቀራሉ። ደረሶቹ፣ ተማሪዎቻቸው ማለት ነው፣ ድሮ እኔ በር ሥር ተኮልኩለው ነበር ቁርአን የሚቀሩት፤ እኔም ቋንቋውን ባላውቅም ድምፁን ለምጄው ነበር። በዚያ ሳምንት ራቅ ብለው ባሕር ዛፉ ሥር እንዲቀመጡ ተደረገ። አንዱ ጮክ ሲል ሼሁ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ በር ሲያሳዩት አየሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ሲመለሱ፣ ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ዱዓ ሊያደርጉ ሲሉ ሼሁ በአገጫቸው የእኔን ክፍል ጠቆም አደረጉ፤ ሁሉም ወደ መስኮቴ ዞር ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ።

ለምን በቀጥታ አልጠየቅሻቸውም የሚለኝ ይኖራል። ምን ብዬ? «ባሌ ሞቷል ወይ?» ብዬ? ቃሉ ከአፌ ከወጣ እውነት የሚሆን መሰለኝ። ደግሞም መርዶ የያዘ ሰው ጊዜው ሳይደርስ ቢገድሉት አይተነፍስም፤ «ኧረ ደህና ነው» ይላል፤ ያ «ደህና ነው» ደግሞ ከዝምታው ይብሳል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ስለዚህ እሳቸው ከእኔ እየሸሹ፣ እኔም ከእሳቸው እየሸሸሁ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ድብብቆሽ ያዝን። ጠዋት ጠዋት ውሻ በጮኸ ቁጥር ከአልጋዬ እየተነሳሁ ነጠላዬን እለብሳለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በሌሊት ልብስ እንዳያገኙኝ ነው።

ወሩ አለቀ። ስልኬ ዝም አለች።

ኔትወርክ ነው አልኩ፤ በእርግጥም ጠፍቶ ነበር። ኔትወርኩ ሲመለስ የተጠራቀመው መልእክት ተግተለተለ፤ ጥቅል ግዙ፣ ዕጣ ቁረጡ፣ ምኑ ቅጡ። የባንኩ ግን የለም። ሮጬ ወደ ባንኩ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ሒሳቡን አይቶ «ምንም የገባ ነገር የለም» አለኝ። ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ቀጠል አድርጎ «ሲስተም ይሆናል» አለ። እኔ ለጎረቤቴ ያልኳትን ቃል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። እዚያው የባንኩ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቴ።

በማግስቱ ደሴ ለመሄድ ተነሳሁ። የአበሉን ነገር የሚያየው ቢሮ እዚያ ነው። ልጄን ለሼሁ ባለቤት አደራ ሰጠሁና «ዘመድ ልጠይቅ ነው» አልኩ። ሼሁ እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ። «አላህ በሰላም ይመልስሽ» ሲሉ ዐይናቸው እንባ አዝሏል። ዐይናቸው ቀድሞም ያመነጫል፤ ነፋስ ሲነካው ያለቅሳል፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ማወቄ አልጠቀመኝም።

መንገዱ ሁሉ ጉም ነበር። አቀስታ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሰዉ ሻይ ሊጠጣ ወረደ፤ እኔ አልወረድኩም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቆሎ ዘረጉልኝ። «እህል ቅመሺ እንጂ ልጄ» ሲሉኝ እንደ እብድ አፈጠጥኩባቸው። እሳቸውም ያውቁ ይሆን? ከዚያ በኋላ በገዛ ራሴ አፈርኩና አንድ ሁለት ፍሬ ወደ አፌ ጣልኩ፤ አፌ ደርቆ ስለነበር አሸዋ አሸዋ አለኝ። እስከ ደሴ ድረስ የማስበው ልጄን ምን ብዬ እንደምነግራት ነበር። የአባቷን ድምፅ ታውቃለች እንጂ መልኩን እየረሳች ነው።

ቢሮው በር ላይ ብዙ ሴት ተሰልፏል። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ አንዷ ጥቁር ለብሳለች። ጥቁር የለበሰችውን ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን አይ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ከመስኮቱ ኋላ ሹሩባ የተሠራች ወጣት ወታደር አገኘሁ። የባሌን ስም ነገርኳት። ኮምፒውተሯን ስታይ ቆየችና ቅንድቧን ሰብሰብ አደረገች።

«ይቅርታ እህቴ» አለች።

መስኮቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አበሉ ተቋርጧል።»

«ለምን?»

«የምትኖሪበት ቤት ተጣርቷል። ኪራይ እንደማትከፍዪ አከራይሽ ራሳቸው መስክረዋል። ኪራይ ለማይከፍል ቤተሰብ የኪራይ አበል አይሰጥም።»

«እሱስ?»

«እሱ ማን?»

«ባሌ ነዋ!»

«ባልሽ ምን ሆነ?»

«እኔ አይደለሁ እንዴ የምጠይቅሽ?» ብዬ ጮህኩ። ሰልፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ልጅቱ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ገባት መሰለኝ ድምፅዋ ለሰለሰ። «ባልሽ ምንም አልሆነም» አለች። «የዚህ ወር ደመወዙም ወጥቷል። ከጦር ክፍሉ የመጣ ሌላ ነገር የለም። የቆመው በቤቱ ምክንያት ነው፤ በቤቱ ብቻ።»

እልልታዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። የቢሮው ዘበኛ ሮጦ መጣ። ከኋላዬ አንዷ «ምን ተሰጣት?» ስትል፣ ሌላዋ «አበሏን ነው የቆረጡባት» ስትላት ሰማሁ፤ ሰልፉም ሳቀ። ጥቁር የለበሰችው ሴት ግን አልሳቀችም፤ መጥታ እጄን ያዘችኝና አብራኝ አለቀሰች። የእሷ አስቀድሞ የደረሰባት ነበር። ፊቷ ቆሜ እልል ማለቴ እስካሁን ይከብደኛል።

ልጅቱ አበሉ እንዲመለስ ከፈለግኩ አከራዬ ቀበሌ ቀርበው ኪራይ እንደሚቀበሉኝ ማረጋገጥ እንዳለባቸው ነገረችኝ። አመስግኛት ወጣሁ። በመልሱ መንገድ ደስታዬ እስከ አቀስታ ቆየ፤ ከአቀስታ በኋላ ንዴት ተተካበት። እኒህ ሽማግሌ ምን አደረግኳቸው?

ስደርስ ሼሁ ከደረሶቻቸው ጋር ባሕር ዛፉ ሥር ነበሩ። ሰላም እንኳ አላልኳቸውም።

«አባባ፣ ባሌን ሊገድሉብኝ ነበር!»

«አዑዙ ቢላህ! እኔ? ምን አደረግሁ?»

ደረሶቹን ካሰናበቱ በኋላ ጉዳዩን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የቀረውን የአበል መልእክት፣ መርዶ የመሰለኝን ወተት፣ ዱዓውን፣ ሁሉንም። እያዳመጡ ራሳቸውን በቆባቸው ላይ ይዳብሱ ነበር።

«አንቺ ገበያ ሄደሽ ሳለ ሁለት የቀበሌ ሰዎች መጡ» አሉ ስጨርስ። «'የወታደሩ ሚስት እዚህ ነው የምትኖረው? ኪራይ ትከፍልዎታለች?' አሉኝ። ወታደር መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁ። እሱ ነፍሱን ይዞ በየዱሩ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ከልጁ አፍ እየቀማሁ! አፈርሁ ልጄ። እነሱም ሊወቅሱኝ የመጡ መሰለኝ። 'ወላሂ ከእንግዲህ ከእሷ ሳንቲም አልቀበልም' ብዬ ማልሁላቸው።»

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?»

«አንቺ የደበቅሽውን እኔ እንዴት ላውጣው?»

የቀረውንም ነገሩኝ። ዱዓው አላህ ባሌን በሰላም እንዲመልሰው ነበር። ደረሶቹን ያራቋቸው ብቻዬን ስሆን የማለቅስ መስሏቸው፣ እንዳይረብሹኝ ነው። ወተቱ ያው ወተት ነው። ንዴቴ ሟሟና ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ።

«እሺ፣ አሁን ኪራዩን ይቀበሉኝ» አልኩ።

«ምያለሁ እኮ ልጄ።»

«ገንዘቡ አይደለም የሚያስጨንቀኝ አባባ። ያ መልእክት ሲገባ ነው በሕይወት መኖሩን የማውቀው። እርስዎ ካልተቀበሉኝ አበሉ አይገባም፤ አበሉ ካልገባ በምን ልወቅ?»

መሬቱን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉ። «መሐላ ከፋራ፣ ማካካሻ አለው» አሉ። «መሐላውን ከመጠበቅ ማፍረሱ የተሻለ ሆኖ ያገኘው ሰው አሥር ሚስኪን ያብላ፤ አቅም ካነሰው ሦስት ቀን ይጹም ነው። አሥር ሰው የማበላበት እንደሌለኝ አላህ ያውቃል።»

ከማግስቱ ጀምሮ ጾሙ። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዕድሜ፣ ከእኔ ኪራይ ለመቀበል ሲሉ ጾሙ። ማታ ማታ ማፍጠሪያ የሚሆን የአጃ ሾርባ እኔ ነበርኩ የምሠራላቸው። «ጨው በዛ» ይላሉ፤ ሳህኑን ግን አይመልሱም። ጾሙን ሲጨርሱ አብረን ቀበሌ ሄድን። ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት «ከዚች ሴት ኪራይ እቀበላለሁ፤ በየወሩ፣ ሳላጎድል» አሉ። የመጀመሪያውን መሐላ የሰማው አጣሪ አፉን ከፍቶ ቀረ። ገበያው ወሬውን ለመቀባበል ቀን አልፈጀበትም፤ ሼሁ መሐላቸውን በልተው ከድሃ ሴት ብር ይቆጥራሉ ተባለ። አንድ ሁለቱን ሰው እኔ ራሴ ላስረዳ ሞክሬ ነበር። «ተያቸው» አሉኝ፤ «አንቺ እዚህ ምን እንደምትጠብቂ አገር ሁሉ ከሚያውቅ፣ እኔ ስሜ ቢጠፋ ይሻላል።»

አበሉ ተመለሰ። አሁን ወር ሊያልቅ ሲል ሼሁ እኔን ይቀድሙኛል። አጥሩ ጋ መጥተው «ኪራዬስ?» ይላሉ። «ገብቷል አባባ» ስላቸው ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ይከቱና «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ጎረቤቶቻችን ለብር እንዲህ የሚንሰፈሰፉ ሽማግሌ አይተው አያውቁም። ባሌ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ደውሏል፤ መስመሩ ሳይጠራ ተቋረጠ። «ልጄ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ እኔን ይሁን ልጃችንን አላውቅም።

በዚህ ወር መልእክቱ ዘገየ። ኔትወርክ አለ፤ መልእክቱ የለም። ባንክ ሄድኩ፤ አልገባም። ደሴ እንዳልሄድ መንገዱ ተዘግቷል። ሼሁ ግቢው ውስጥ ወዲህ ወዲያ ሲሉ ይውላሉ፤ እኔ በር ላይ ግን አይቆሙም። እኔም በልጄ ላይ እየጮህኩ፣ ወዲያው እያቀፍኳት ከረምኩ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሩ በከዘራ ተደበደበ። ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው «ኪራዬን አምጪ እንጂ! እስከ መቼ ነው የምታገሥሽ?» አሉ። እጃቸውን ግን ለገንዘብ አልዘረጉም።

«አልገባም አባባ» አልኳቸው።

«ይገባል» አሉ፤ «እኔ ኪራዬን አልተውም።» ይህን ብለው ደጃፌ ላይ ተቀመጡ።